«ዘይት ካላት ንዳት»

መኪናዋ ገና ከበሩ ሳታልፍ ነበር መካኒኩ ሕመሟን የሰማው። ሌላ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ ብሎን ያጠብቃል። እጁን ገታና አዳመጠ። ከሞተሩ ራስ በኩል ደረቅ ምት ይመጣል፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲንገጫገጭ እንደሚሰማው። «ይቺ ደርቃለች» አለ ለራሱ። «ዘይቱ ወደ ላይ አይወጣላትም።»

በጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም ጆሮ ነው የሚለው። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ይጨፍንና «ሦስተኛው ሲሊንደር» ይላል። ሲፈቱት ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሯል። ሚስቱ ብቻ ናት በዚህ የምትስቀው፦ «የብረት ሲሆን ትሰማለህ፤ የሰው ሲሆን ግን ይደፈንብሃል።»

ከመኪናው ሥር ሲወጣ የግቢው በር ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማ። ቀና ብሎ ቢያይ ግንዱ ነው። ግንዱ የሚሉት ስለ ቁመቱ ሳይሆን ስለ አንገቱ ነው። ሁለት እኅትማማች ሚኒባሶች አሉት፤ አንዷን ራሱ ይነዳል፣ ሌላዋን ታናሽ ወንድሙ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ጋራዥ ረግጦ አያውቅም። በመጣ ቁጥር «ጋሼ ጆሮ፣ ይቺን ሴትዮ እስቲ ስማልኝ፤ ታጉረመርማለች» እያለ ይስቃል። ዛሬ አልሳቀም። ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። እጁ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት።

«ምነው ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለ ጆሮ፣ ለመነሣት እጁን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ።

ብረቱ ወረደ። ግራ እጁ ላይ፣ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ ላይ ነው ያረፈው። ጆሮ ከሕመሙ በፊት ድምፁን ሰማ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው፣ አጭርና ጥርት ያለ። ሕመሙ ቆይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን መሬት ላይ ጣለው።

ከኋላ ክፍል ሙሽራው የብረት ቱቦ ይዞ ሮጠ። ሙሽራው የጆሮ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ካገባ ገና አራት ወሩ ነው፤ ሥራ ልብሱን እንኳ በካውያ አስተኩሶ ስለሚመጣ ስሙ በዚያው ቀረ። ቱቦውን ወዘወዘ። ግንዱ ጎንበስ ብሎ አሳለፈውና ብረቱን ታፋው ላይ አሳረፈበት፤ ሲያጎነብስ ደግሞ በጉልበቱ አፉን መታው። ሙሽራው ተቀመጠ። በመዳፉ ላይ አንድ ነገር ተፋና አየው። ጥርስ ነበር።

«ሌላ የሚነሣ አለ?» አለ ግንዱ። አልነበረም። በግቢው ውስጥ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ብረቱን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሒሳብ እንደሚያስተምር ሰው ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ትናንት ወንድሜ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሞተሩ ነክሶ ቆመ። መሪው ድንጋይ ሆነ፤ ፍሬኑም ድንጋይ ሆነ። ከነመኪናው የግንብ አጥር ውስጥ ገባ። እግሩን ቆረጡት፤ ከጉልበቱ በላይ። ሐኪሙ ቢነቃም የቀኑን ነገር ላያስታውስ ይችላል አለኝ። ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ስወጣ ይቺም ያችኑ ቀይ መብራት አበራችብኝ። ሁለቱም ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ቀን፣ እዚሁ ግቢ ናቸው የተሠሩት። ከሥር ዘይት ያንጠባጥባሉ ብዬ አምጥቼ።» ብረቱን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አመለከተ፤ ብረት የሚታሰርበት ትልቁ ሞርሳ መንጋጋውን ከፍቶ ተቀምጧል። «ፊት ለፊቴ ትፈታታለህ። ጥፋቱ የብረት ከሆነ ጫማህን ስሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። የሰው እጅ ከሆነ ያንን እጅ እዚያ ውስጥ አስሬ አደቀዋለሁ። ያን እግር በዚህ እጅ።»

ጆሮ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በጥርሱ አሰረ። ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ደግሞም፣ ይህንን ለማንም አይናገረውም እንጂ፣ የታመመች መኪና ፊቱ ቆማ ነበር።

ግንዱ ሞተሩን ከፍቶ የዘይቱን መለኪያ ሽቦ መዘዘና አፍንጫው ድረስ አቀረበለት። «እያት። እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ናት። ዘይት ካላት ምን ጎደላት?»

ዘይት ካላት።

ትናንት ረፋዱ ላይ ስልኩ ሲጠራ ሁለቱም እጆቹ ግራሶ ውስጥ ነበሩ፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ «አላለቀም ወይ?» እያለ ራሱ ላይ ቆሞበታል። ስልኩን በግራ ትከሻውና በግራ ጆሮው መካከል ሸጎጠው። የግንዱ ወንድም ነበር። «ጋሼ፣ የዘይት መብራት በራብኝ፤ ምን ላድርግ?» «ዘይቷን ለካህ?» «ለካሁ፤ ሙሉ ናት።» «እንግዲያ መብራቷ ትሆናለች የተበላሸችው። ዘይት ካላት ንዳት፤ ማታ ብቅ በል።» በቃ። ሩብ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የስሙ ነገር ነው ሰውን ሁሉ የሚያስተው። የዘይት መብራት ስለሚሏት ስለ ዘይቱ መጠን የምትናገር ይመስላል። እሷ ግን ዘይት ይኑር አይኑር አታውቅም፤ የምታውቀው ግፊቱን ብቻ ነው፤ ዘይቱ ተገፍቶ ብረቶቹ መሐል መድረሱን። ገንዳው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ በጥም ሊሞት ይችላል። ጆሮ ይህንን ለስንት ሹፌር ጣቱን እየቀሰረ ተቆጥቶ አስተምሯል። «ቀይ ከበራች አጥፋ፤ ቁም፤ አንድ እርምጃ አትሂድ።» ትናንት ግን ራሱ እንደማንኛውም ሰው ተናገረ።

«ስልኩን አይቼዋለሁ» አለ ግንዱ፣ ሐሳቡን እንዳነበበ ሁሉ። «የመጨረሻ የደወለው ላንተ ነው። ምን አለህ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ ጆሮ። «ጫጫታ ነበር። በደንብ አልሰማሁትም።»

ግንዱ በብረቱ የሚኒባሷን ጎን መታው፤ ቆርቆሮው ጎደጎደ። «ጀምር።»

ጆሮ ከሞተሩ ጎን መብራቷን የምታዘውን ሴንሰር ፈታና በቦታዋ የግፊት መለኪያውን፣ የጌጁን፣ ቱቦ አሰረ። በአንድ እጅ ስለማይሆን ሙሽራው ከንፈሩ ተነፋፍቶ፣ ደም አገጩ ላይ እየወረደ ያዘለት። ግንዱ ቁልፉን አዞረ። የጌጁ መርፌ ተንቀሳቀሰች፤ ግማሽ ላይ እንኳ ሳትደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ትንሽ ነዳጅ ስጣት።»

ሞተሩ ጮኸ። መርፌዋ መውጣት ሲገባት ወረደች።

«አጥፋ። አጥፋው።» ጆሮ ላቡን በክርኑ ጠረገ። «ሴንሰሯ እውነቷን ነው፤ ግፊት የለም። ውስጧ አልቆ ቢሆን ኖሮ ነዳጅ ሲሰጣት መርፌዋ ከፍ ትል ነበር። አሁን ግን ሞተሩ በጠነከረ ቁጥር ይብስባታል። ዘይቱን መሳብ አልቻለችም ማለት ነው። ጉሮሮዋ ታንቋል።»

ግንዱ ከመሪው ወርዶ በአንድ እጁ ጉሮሮውን ያዘው፤ ከመኪናዋ ጎን ጋር አጣበቀው። የጆሮ እግሮች መሬቱን በጣት ጫፍ ብቻ ነኩ። «ማን አነቃት?»

«ሳልፈታ…» ድምፁ አልወጣም። «ሳልፈታ አላውቅም።»

ጣለው።

ዘይቱን አፈሰሱ። ትኩስ ነበር፤ ባልዲውን ስቶ ወደተሰበሩት ጣቶቹ ሲወርድ ጆሮ ጮኸ፣ ግንዱም «ወንድሜ ከዚህ በላይ ጮኋል» አለ። ከዚያ ሁለቱ መካኒኮች ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ ከሞተሩ ግርጌ ያለውን የዘይት ገንዳ ለማውረድ። ከሃያ በላይ ብሎን ዙሪያውን ይይዘዋል። ጆሮ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳያስገባ መብራቱን አስጠጋና አየ።

በገንዳውና በሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ሰማያዊ ነገር ተጨምቆ ወጥቷል፤ ወፍራም፣ ድርብ ድርብ። መጋጠሚያ የሚደፈንበት የሲሊኮን ሙጫ።

ጆሮ ሲሊኮን አይጠቀምም። ለመጋጠሚያው ወፍራም ወረቀት ብረቱ ላይ ይዘረጋና ጠርዝ ጠርዙን በትንሿ መዶሻ እየኮረኮመ በልኩ ይቆርጠዋል። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሌላው ጋራዥ ሁሉ ይስቅበታል። ምክንያት አለው። ሲሊኮን ሲበዛ የተጨመቀው ወደ ውጭ ብቻ አይወጣም፤ ወደ ውስጥም ይወጣል። ይደርቅና ይቆረሳል። የዘይቱ ፓምፕ ይስበዋል። በፓምፑ አፍ ላይ ያለችው የሽቦ ወንፊት ላይ ይለጠፋል።

ራሱን አዞረ። ሙሽራው በአጠገቡ ተንጋሎ፣ ያንኑ እያየ ነበር።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል።»

«ያን ቀን እርስዎ እኅቴን ክሊኒክ ወስደዋት… እኔ ብቻዬን ሁለት መኪና… ቸኩዬ ነበር። ቤት እንግዳ ነበረብኝ።»

«ዳቦ ላይ ማርማላታ የምትቀባ መሰለህ? ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ሙሽራው ሥራ የጀመረ ዕለት ሚስቱ በር ድረስ ሸኝታቸው «ወንድሜን አደራ፤ እናታችን እጁን አይታ ነው የምትኖረው» ብላው ነበር። አደራ ያለችው እጁን ነው። ቃል በቃል እጁን።

«ወንፊቷ ላይ ያለውን እኔ አጠራዋለሁ» አለው። «ያቺን ጨርቅ አቀብለኝ። ምንም አታውራ።»

ብሎኖቹን ፈቱ፤ ገንዳው ወረደ። ወንፊቷ ታየች፤ ወንፊት ግን አትመስልም፣ ሰማያዊ ትላትል የወረራት ነገር ነበረች። ጆሮ በደህናው እጁ አንዱን ነቀለና ጨርቁ ውስጥ ከተተ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ሲይዝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የብረት ያህል የጠነከረ እጅ ተጠመጠመና ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ጎትቶ አወጣው። ጨርቁ ከእጁ ወድቆ ተከፈተ።

ግንዱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ትል አነሣ። በሁለት ጣቱ ለጠጠው፤ ተለጠጠ። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። በብሎን ጣሳዎች መሐል እስከ አንገቱ የተጨመቀ ሰማያዊ ቱቦ ተጋድሟል። ከዚያ ከመኪናዋ ሥር እየዳኸ የሚወጣውን ሰው እጅጌ አየ። በካውያ የተስተካከለው እጅጌ ጫፍ ላይ ሳሙና ያላስለቀቀው ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበር።

«ይሄ የብረት ጥፋት አይደለም» አለ ግንዱ።

ሙሽራው ለመሮጥ ሞከረ፤ ግን በሩ የተቀረቀረ ነው። በፀጉሩ ተይዞ እየተጎተተ መጣ። ግንዱ ቀኝ እጁን ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ ከተተና እጀታውን አሽከረከረ። ጆሮ ከወለሉ ተነሥቶ ያገኘውን ብረት በግንዱ ጀርባ ላይ አሳረፈ። ግንዱ አልዞረም። በክርኑ ወደ ኋላ መታው፤ ጆሮ የጎማ ክምር ላይ ወደቀ፣ አፍንጫው ሞቅ አለው።

እጀታው አንድ ጊዜ ዞረ። ሙሽራው ጮኸ። ሌላ ግማሽ ዞረ። ቆዳው ከአውራ ጣቱ ሥር ተተረተረ፣ ደሙ በሞርሳው ጎን ወረደ። የሙሽራው ጩኸት ቃል አልነበረውም።

«ደውሎልኛል» አለ ጆሮ።

እጀታው ቆመ።

«ወንድምህ ደውሎልኛል። ሰምቼዋለሁ። መብራት በራብኝ አለኝ። ከመጋጨቱ በፊት ነው፤ ገና ሜዳው ላይ ሳለ። ያን ጊዜ አጥፋ ብለው ኖሮ ዛሬ ሁለት እግር ነበረው። ይሄ ልጅ ወንፊቷን ደፍኗል፤ እውነት ነው። መብራቷ ግን ሥራዋን ሠርታለች፤ በሰዓቱ ነግራዋለች። እሱም በሰዓቱ ጠየቀኝ።» ደሙን ዋጠ። «ዘይት ካላት ንዳት አልኩት።»

ግንዱ ሞርሳውን ተወው። ወደ ጆሮ መጣና በደረቱ ልብሱን ይዞ አቆመው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ ባዶ ነገር እንጂ።

«በየትኛው ጆሮህ ነው የሰማኸው?»

ጆሮ አልዋሸም። ግራውን ነካ።

ግንዱ በተዘረጋ መዳፉ መታው። መዳፉ እንደ አካፋ ነበር። የመጀመሪያው ምት እንደ ነጎድጓድ ተሰማ። ሁለተኛው እንደ ፉጨት። ሦስተኛው በዚያ በኩል ጨርሶ አልተሰማም፤ ብርሃን ብቻ ነበር፣ ከዚያም አንገቱ ላይ የሚወርድ ሙቅ ነገር። ሲወድቅ ግንዱ ብረቱን ከመሬት ሲያነሣ በአንድ ዓይኑ አየው። ወደ ላይ ሲያነሣውም አየው።

«ይቺን ሳልጨርስ አትግደለኝ» አለ ጆሮ ከወለሉ ላይ። ድምፁ ለራሱ ከሩቅ ቤት የመጣ መሰለው። «እንዲህ ሆና ብትነዳት ያችኑ ነው። በዚያው ቁልቁለት።»

ብረቱ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ከግንዱ እጅ ወደቀ፣ ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ሄደ። ግንዱ የጎማ ክምሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር።

ጆሮ ሙሽራውን ከሞርሳው ፈታው። የጋብቻ ቀለበቱ ሞላላ ሆኗል፤ እጁ አብጧል፣ ጣቶቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ። ወንፊቷን ፈቱ፣ በቤንዚን ዘፈዘፉ፣ በብሩሽ ፈተጉ፣ በአየር ነፉ፤ ጆሮ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያንዳንዷን ቀዳዳ አየ። የፓምፑን ቱቦ በሽቦ ጠረጉት፤ ሁለት ቁራጭ ወጣ። የዘይት ፊልትሮውን ቀየሩ። ከዚያ ጆሮ ወረቀቱን ገንዳው ጠርዝ ላይ ዘረጋና መዶሻዋን አነሣ። ሙሽራው በተቀጠቀጠ እጁ ወረቀቱን ያዘለት። ኮር፣ ኮር፣ ኮር። ደም ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ አቁመው ሌላ ወረቀት ዘረጉ፤ ከመጀመሪያ ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ግንዱ አላጣደፋቸውም።

አዲስ ዘይት ጨመሩ። ጆሮ ሞተሩ ሳይነሣ በባዶው እንዲያዞሩት አዘዘ፤ ዘይቱ ቀድሞ እንዲወጣ። መርፌዋ ከተቀሰቀሰች በኋላ አስነሡት። ወደ ላይ ወጣች፤ አራትን አልፋ ቆመች። ያ ደረቅ ምት ትንሽ ተንጫጫና ጠፋ።

ግንዱ መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ልንዳት፣ ጋሼ?» አለ። ጋሼ ያለው ሳያስበው ነው፤ ስድስት ዓመት የለመደው አፉ ነው ያለው። ሁለቱም ግን ሰሙት።

ያቺ «ንዳት» የጆሮ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አላወጣትም።

«አትንዳት። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ነው፤ መርፌዋን ያታልላታል። ሞቃ እንያት።»

ሁለቱ እየደሙ ሦስቱም ጠበቁ። ሞተሩ ይሠራል። ጆሮ ከልማዱ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ግራ ጆሮው ላይ አስጠጋ። ምንም። እንደ ግድግዳ። ወደ ቀኙ አዞረው፤ ድምፅ አለ፤ ግን የማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ሆነ፤ የትኛው የት እንዳለ አልለየውም። ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

«አንብብልኝ» አለው ለሙሽራው።

ሙሽራው ጌጁ ላይ ጎነበሰ። ጥርስ በሌለው ቦታ አየር እያፏጨ «አንድ ተኩል» አለ። «እግር ሳይነካት።»

«ነዳጅ ስጣት» አለው ጆሮ ለግንዱ።

«ሁለት… ሦስት። ሦስት ተኩል።»

«ደግመህ እይ።»

«ሦስት ተኩል ነው፣ ጋሼ። ቆማለች።»

ጆሮ ጌጁን ፈትቶ ሴንሰሯን መለሰ። ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደ። «ትንሽ ተጎድታለች፤ ሩቅ መንገድ አታውጣት። ቀዩ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢበራ እንኳ አጥፋ፤ ዘይት አላት የላትም ብለህ አትለካ። ቁም ብቻ።» ከዚያ የቀረውን አወጣው። «አሁን ንዳት።»

ግንዱ አልነዳም። በተሳፋሪው በኩል ያለውን በር ከውስጥ ገፍቶ ከፈተው።

«ግባ» አለ። «ወደ ሆስፒታል ነው። ወንድሜ የነቃ ጊዜ አላስታውስም ይል ይሆናል። አንተ ታስታውሳለህ። የነገርከውን ራስህ ትነግረዋለህ፤ ያችኑ ቃል፣ ዓይኑን እያየህ።»

ሙሽራው «ጋሼ፣ አይሂዱ» አለ። ጆሮ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ በግራው በኩል ስለነበር አልሰማውም ይሆናል። ገብቶ በሩን ዘጋ። ሙሽራው በደህናው እጁ የግቢውን በር ከፈተላቸው።

ቁልፉ ሲዞር ቀይዋ መብራት በራች፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። ጆሮ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን እሷ ላይ ተከለ። ከግቢው ወጡ፤ መንገዱ ውስጥ ገቡ፤ ከመታጠፊያው በኋላ ዳገቱ ጀመረ። ግንዱ በግራው በኩል አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማውም። ደግሞ ተናገረ። ጆሮ አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዞረና ቀኝ ጆሮውን ሰጠው።

«ድገምልኝ። በዚያኛው አልሰማም።»

ግንዱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ዳሽቦርዱን ላለማየት አንገቱን አድርቆ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ነበር። ቁልቁለቱ ከፊታቸው ተከፈተ።

«በራች ወይ?» ነበር ያለው።

ጆሮ ወደ መብራቷ ተመለሰ። ሳይቸኩል አየ።

«አልበራችም» አለ።